ቁርጥ ብርሃን፦ ተሽከርካሪው መብራትና የመድረካችን ፊት

ትያትር በቃልና በአካል የሚፈጸም ጥበብ ነው ይባላል። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። ቃሉን የሚናገረው ሰው ፊቱ ካልታየ፣ አካሉም ከጨለማው ተለይቶ ካልወጣ፣ ተመልካቹ የሚያገኘው የራዲዮ ድራማ እንጂ ትያትር አይሆንም። ስለሆነም መብራት ከደራሲው፣ ከአዘጋጁና ከተዋናዩ ቀጥሎ የመድረኩ አራተኛ ከያኒ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ በእኛ ዘንድ ስለ ድርሰት ብዙ ይጻፋል፤ ስለ ትወና ጥቂት ይባላል፤ ስለ መብራት ግን የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ሲጠፋ ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጉድለት በመጠኑ ለማቃለል፣ በአሁኑ ጊዜ በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን አዳራሾች እየገባ ያለውን አንድ መሣሪያ መመርመር ነው። ባለሙያዎቹ «ሙቪንግ ሄድ» ይሉታል፤ ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞር መብራት ማለት ነው። እኛ እዚህ «ተሽከርካሪ መብራት» እንለዋለን። የምናነሣውም ጥያቄ አንድ ነው፤ በመድረካችን ላይ የሚዞረው አንገት የማን ነው? የሰው ወይስ የመሣሪያው?

ዱከም ላይ የታየው

ዱከም ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ከገባበት ከ1909 ዓ.ም. ወዲህ የመስመሩ ከተማ፣ ከዚያም የአውራ ጎዳናው ማረፊያ ሆና ኖራለች። መንገደኛ ሁሉ ስሟን የሚያውቀው በቁርጥ ሥጋዋ ነው። በኋለኞቹ ዓመታት ግን ሌላ መልክ ጨምራለች። በቻይና ባለሀብቶች የተቋቋመው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተጀምሮ፣ የሁዋጂየን የጫማ ፋብሪካም በ2004 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከሀገሪቱ ልዩ ልዩ አካባቢዎች የመጡ ወጣት ሠራተኞች የከተማዋ ነዋሪዎች ሆነዋል።

ከጥቂት ወራት በፊት በዚህችው ከተማ፣ ለስብሰባም ለሠርግም በሚያገለግል አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ የወጣቶች አማተር ቡድን በአፋን ኦሮሞ ያቀረበውን ትያትር ተመልክቼ ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት እናት ከፋብሪካ የማታ ፈረቃ የምትመለሰውን ልጇን በር ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ልጅቱ ትዘገያለች። እናቲቱ በመጠበቅ ላይ ሳለች የድሮ ማሳዋን፣ የሟች ባሏን፣ ልጇ ልትሆን ትመኝ የነበረውንና የሆነችውን እያነሣች ከራሷ ጋር ትነጋገራለች። በመጨረሻ ልጅቱ ትመጣለች፤ ደክማለች፤ ሳትናገር ትተኛለች። እናት የልጇን ጫማ አውልቃ በእጇ ይዛ ስታየው መጋረጃው ይዘጋል። ጽሑፉ አንዳንድ የሚቆረጥ ነገር ቢኖረውም፣ የከተማዋን የዛሬ ኑሮ ከልቡ ያየ ነው።

ቡድኑ ለዚህ ትያትር ስምንት ተሽከርካሪ መብራቶችን ከአዲስ አበባ፣ ከነተቆጣጣሪያቸው ተከራይቷል። ኪራዩ ከቲኬቱ ገቢ ላቅ ያለ እንደነበር ከቡድኑ አባላት ሰምቻለሁ። መብራቶቹ አዳራሹ የደረሱት ትያትሩ በሚታይበት ዕለት ከቀትር በኋላ ነበር። አብሮ የመጣው ወጣት ጽሑፉን አላነበበም፤ ልምምድም አላየም። መድረኩ ሲከፈት ጭስ ወጣ። ጨረሮቹ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ለብሰው ከላይ ወደ ታች፣ ከመድረኩ ወደ ተመልካቹ ይመላለሱ ጀመር። የእናቲቱ ነጠላ እንደ በረዶ አበራ፤ ፊቷ ግን ከነጠላው በላይ እንደ ጥላ ቀረ። እሷ ስለ ማሳዋ ስትናገር መብራቱ የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ነበር።

በሦስተኛው ትዕይንት የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋረጠ። ጨለማ ሆነ። በዚያች ቅጽበት አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ተዋናይዋም ንግግሯን አላቋረጠችም፤ በጨለማው ውስጥ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ። ወዲያው ጄነሬተሩ ተነሣ። እዚህ ላይ የሆነውን ለመረዳት የመሣሪያውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ተሽከርካሪ መብራት ኃይል ተቋርጦበት ሲመለስ፣ መነሻ ቦታውን ለማግኘት አንገቱን እስከ ዳር ድረስ ያዞራል፤ ያጎነብሳል፤ ቀና ይላል፤ ቀለሞቹንና ምስሎቹን አንድ በአንድ ይፈትሻል። ስምንቱም በአንድነት ይህን ማድረግ ጀመሩ። አንዳንዶቹ ብርሃናቸውን ሳይዘጉ ነበር። ተመልካቹ አጨበጨበ፤ ፉጨትም ተሰማ። እናቲቱ እጇን በበሩ መቃን ላይ አሳርፋ እስኪያበቃ ድረስ ጠበቀች።

ያ ጭብጨባ የምሽቱ ትልቁ ጭብጨባ ነበር። የተሰጠውም ለደራሲው፣ ለአዘጋጁ ወይም ለተዋናይዋ ሳይሆን፣ ቦታውን እየፈለገ ለነበረ መሣሪያ ነው። በዚህ የምንስቅ ከሆነ በራሳችን ላይ ነው። ተመልካቹን አንወቅሰውም፤ እስከዚያ ሰዓት ድረስ መብራቱን እንጂ ፊቱን እንዲመለከት ያስተማርነው እኛ ነን።

የመብራቱ አመጣጥ

መሣሪያውን ከመውቀስ በፊት ከየት እንደመጣ ማወቅ ይገባል። በአውሮፓ ትያትር ቤቶች ሻማውና የዘይት ፋኖሱ፣ ከዚያም የጋዝ መብራቱ ለዘመናት አገልግለዋል። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ኖራን በኃይለኛ ነበልባል አግሎ የሚያበራ መብራት ለንደን ውስጥ ለመድረክ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1881 በዚያው ከተማ የተከፈተው የሳቮይ ትያትር ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የበራ የመጀመሪያው ሕዝባዊ ሕንፃ ሆነ። ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በመስከረም 1981 እ.ኤ.አ.፣ በባርሴሎና የበሬ ፍልሚያ አደባባይ፣ ጄኔሲስ የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ጓድ ባቀረበው ትርኢት ላይ ቫሪ ላይት የተባለው ተሽከርካሪ መብራት ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ታየ።

መብራቱን የሠሩት በአሜሪካ በዳላስ ከተማ የነበሩ የሾውኮ ኩባንያ ባለሙያዎች ናቸው። መጀመሪያ የፈለጉት ቀለሙን በራሱ የሚለውጥ መብራት ብቻ ነበር። ሲተረክ እንደምንሰማው፣ ሥጋ ጥብስ ቤት ምሳ ላይ ተቀምጠው ሲወያዩ፣ ሁለት ሞተር ቢጨመርበት እኮ መብራቱ ራሱ ይንቀሳቀሳል የሚል ሐሳብ ከመካከላቸው ተሰነዘረ። የዱከም ሰው ይህን ቢሰማ አይደንቀውም፤ ብዙ ቁም ነገር ሥጋ ላይ ተቀምጦ እንደሚወሰን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ ዲኤምኤክስ 512 የተባለው የጋራ መገናኛ ሥርዓት ወጣ። በአንድ ገመድ 512 ትእዛዞች ይተላለፋሉ፤ እያንዳንዱም ከ0 እስከ 255 ደረጃ አለው። ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የሠሯቸው መብራቶች በአንድ ሰሌዳ ሊታዘዙ የቻሉት በዚህ ነው።

የእኛ መድረክ በበኩሉ የራሱን መንገድ ተጉዟል። በ1913 ዓ.ም. ገደማ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ተውኔት በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል ውስጥ ታየ። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። በ1948 ዓ.ም. የዛሬው ብሔራዊ ትያትር በ«ዳዊትና ኦሪዮን» ተከፈተ። ከአዲስ አበባ ውጭ ግን ብዙው ሕዝብ ትያትርን ያወቀው በዘመናዊ መድረክ አልነበረም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በየቀበሌው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ሲጫወቱ የሚበራላቸው ማሾ ወይም አንድ ፓውዛ ነበር። እኔም በልጅነቴ ሞጆ ላይ ያየሁት የመጀመሪያ ትርኢት በአንድ ፓውዛ የበራ ነበር። ፓውዛው አይዞርም፤ ቀለም አይለውጥም፤ ነገር ግን የአንዱን ተዋናይ ላብ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

ይህን የምለው ያለፈውን ለማሞገስ አይደለም። ፓውዛ ሁሉን እኩል ያበራል፤ ሁሉን እኩል የሚያበራ መብራት ደግሞ ምንም አይመርጥም። ከመድረኩ ጥግ የተሰቀለውን ጃኬትና የተዋናዩን ዓይን በአንድ ዓይነት ክብር ያሳያል። ከዚያ ድህነት ለመውጣት መፈለግ ትክክል ነው። ጥያቄው ወዴት እንደምንወጣ ነው።

አራቱ ስለቶች

ተሽከርካሪ መብራት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው ወገን «ቢም» ይባላል፤ ቀጭንና ኃይለኛ ጨረር ይወረውራል። ጨረሩ በአየር ላይ እንዲታይ ጭስ ይፈልጋል። ሁለተኛው «ዋሽ» ነው፤ ለስላሳ ብርሃንና ቀለም በሰፊው ያለብሳል። ሦስተኛው «ፕሮፋይል» የሚባለው ነው። ለትያትር ሰው ከሦስቱ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ብርሃንን መቁረጥ ይችላል።

በዚህ መብራት ሆድ ውስጥ፣ በአምፑሉና በምስሪቱ መካከል፣ አራት ቀጫጭን የብረት ስለቶች አሉ። እያንዳንዱ ስለት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጎኑንም ያዘነብላል። አራቱ በአንድነት የብርሃኑን ክብ ቆርጠው አራት ማዕዘን፣ ሦስት ማዕዘን፣ ቀጭን መስመር ወይም የበር ቅርጽ ያደርጉታል። ስለቶቹን የያዘው ክፈፍም እንዳለ ይዞራል። የቁራጩ ጠርዝ እንደ ምላጭ የተሳለ ወይም እንደ ጭጋግ የለሰለሰ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ በብረት ወይም በመስታወት ላይ የተቀረጹ «ጎቦ» የሚባሉ የምስል ሰሌዳዎች፣ የብርሃኑን ክብ የሚያጠብ ዓይን፣ ብርሃኑን ከፋፍሎ የሚያባዛ ፕሪዝም፣ ውኃና እሳት የሚያስመስል ተሽከርካሪ ሰሌዳ፣ ሲያን፣ ማጀንታና ቢጫን እያቀላቀለ ቀለም የሚፈጥር ክፍል አለው። አንዱ መብራት ብቻ 40 ወይም 50 ትእዛዝ ሊወስድ ይችላል፤ ከላይ የጠቀስነውን የ512 ትእዛዝ ገመድ እንዲህ ያሉ አሥር ያህል መብራቶች ይሞሉታል።

ዱከም ላይ ቁርጥ ቤት የገባ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። በሬው ምንም ቢሰባ፣ ክብሩ በቆራጩ እጅ ነው። ሽንጡን ከዳቢቱ፣ ጮማውን ከቀዩ ለይቶ፣ ለተቀመጠው ሰው የሚገባውን ያህል ብቻ ቆርጦ የሚያቀርብ ባለሙያ ያስፈልጋል። በሬውን ከነቀንዱ አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ የሚያቆም የለም። እኛ ግን በብርሃን ያደረግነው ይህን ነው። መሣሪያውን ከነቀንዱ መድረክ ላይ አቆምነው። አራቱን ስለቶች ግን አልነካናቸውም። ሽክርክሩን ወስደን ቁርጡን ተውነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው፤ ተሽከርካሪው መብራት ለትያትር ያመጣው ትልቁ ጸጋ መንቀሳቀሱ ሳይሆን፣ ከተንቀሳቀሰ በኋላ በተፈለገው ቦታ ቆሞ፣ የማይፈለገውን ቆርጦ መጣል መቻሉ ነው። ሊዞር የሚገባው በጨለማ ውስጥ፣ ማንም ሳያየው፣ ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው ሲሸጋገር ነው። በአንድ ምሽት አንድ መብራት በሩን፣ አልጋውን፣ መስኮቱን በየተራ ሊያሳይ ይችላል፤ ድሮ ለዚህ ሦስት መብራት ያስፈልግ ነበር። ለድኃ መድረክ ከዚህ የበለጠ ቁጠባ የት ይገኛል?

ፊትና ሸማ

ከውጭ የመጣውን የመብራት ትምህርት እንዳለ ስንቀበል የምንዘነጋው አንድ የራሳችን ችግር አለ። ተዋናዮቻችን ብዙ ጊዜ ነጭ ሸማ ይለብሳሉ፤ ፊታቸው ጠይም ወይም ጥቁር ነው። ነጭ ጥጥ ብርሃንን አብዝቶ ይመልሳል፤ ፊት ደግሞ ጥቂት ይመልሳል። ስለዚህ ፊቱ እንዲታይ መብራቱን ስናበረታ ሸማው ይነዳል፤ ሸማው እንዳይነድ ስንቀንስ ፊቱ ይጠፋል። ፎቶግራፍ አንሺዎቻችን ይህን ጣጣ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል።

በዚህ ላይ ብዙዎቹ ተሽከርካሪ መብራቶች የሚሰጡት ነጭ ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላ ነው። ሰማያዊው ብርሃን ከጠይም ፊት ላይ ሙቀቱን ይወስድና አመድማ ያደርገዋል። ዱከም ላይ ያየናት እናት ፊቷ የጠፋው መብራት አንሶ አይደለም፤ ስምንት መብራት ነበር። የጠፋው ያለ ቅጥ በመብዛቱና ያለ ቦታው በመፍሰሱ ነው።

መፍትሔው ስለቱ ላይ ነው። የላይኛውና የታችኛው ስለት ብርሃኑን ከአገጭ እስከ ግንባር ቢወስኑት፣ ጠርዙ ለስላሳ ሆኖ ከነጠላው በላይ ቢቆም፣ ሙቀት ያለው ቀለም ተጨምሮበት ከጎን ቢመጣ፣ ሸማው በቀሪው ደብዛዛ ብርሃን ብቻ ይታያል፤ ፊቱ ይቀድማል። በእርግጥ ይህ የሚሆነው ተዋናይዋ የት እንደምትቀመጥ አስቀድሞ ከታወቀ ነው። ይህ ደግሞ ልምምድ ነው እንጂ ኪራይ አይደለም።

የፊት ነገር ለዱከም ተመልካች በተለይ ያስፈልጋል። በዚያች ምሽት አዳራሹን ከሞሉት ወጣት ሠራተኞች መካከል አፋን ኦሮሞን ገና በመልመድ ላይ ያሉ ጥቂት አልነበሩም። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ቃሉን አልፎ አልፎ ከጓደኛዋ ትጠይቅ ነበር። እንዲህ ላለው ተመልካች ፊት የጋራ ቋንቋ ነው። የልጇን ጫማ ይዛ የምትመለከት እናት ፊት አስተርጓሚ አይሻም። ያን ፊት በጭስና በጨረር ስንጋርደው፣ ትያትሩን ከተመልካቹ እኩሌታ ሰረቅነው ማለት ነው።

ምስል መቼ ይናገራል?

ብርሃንን በቅርጽ ማሳለፍ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የላሊበላ ጠራቢዎች በቤተ ማርያም ግድግዳ ላይ መስኮቶቹን በልዩ ልዩ የመስቀል ቅርጽ ሲፈለፍሉ፣ ብርሃን የቀዳዳውን መልክ ይዞ እንደሚገባ ያውቁ ነበር። የዛሬው ጎቦ ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም፤ ብርሃን የማያሳልፍ ሰሌዳ ላይ ቅርጽ ይወጣለታል፤ ብርሃኑ በዚያ ያልፋል። ልዩነቱ የላሊበላው መስኮት በቀን አንድ ጊዜ ፀሐይን መጠበቁ፣ የእኛው ደግሞ በሰከንድ ውስጥ አሥር ጊዜ መለዋወጥ መቻሉ ነው። መቻሉ ግን ማድረግን አያስገድድም።

በዱከሙ ትያትር አንድ ምስል ብቻ በቦታው ዋለ። እናቲቱ ከባሏ ጋር ከዛፍ ሥር የተቀመጡበትን ቀን ስታስታውስ፣ አንድ መብራት የቅጠል ጥላ መሬቱ ላይ ጣለ፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል አልተንቀሳቀሰም። ዛፉን ማንም አልሳለውም፤ ግን ሁላችንም አየነው። በሌሎቹ ትዕይንቶች ከዋክብት፣ ክበቦችና የሚሽከረከሩ አበቦች በግድግዳው ላይ ሲሯሯጡ ነበር፤ የት እንዳለን፣ ጊዜው መቼ እንደሆነ፣ ወይም የሰውየው ልብ ምን እንደሚሰማው አልነገሩንም። ከሦስቱ አንዱን የማይመልስ ምስል ጌጥ ነው፤ ጌጥም ሲበዛ ሸክም ይሆናል።

ከዓለም ትያትር የምንማረውም ይህንኑ ያጠናክራል። የስዊሱ አዶልፍ አፒያ ከመቶ ዓመት በፊት፣ ሁሉን የሚያለብሰውን ብርሃን ጥላ ከሚፈጥረውና አካልን ከሚቀርጸው ብርሃን ለይቶ፣ መድረክን ሕያው የሚያደርገው ሁለተኛው መሆኑን አስተምሯል። የቼኩ ዮዜፍ ስቮቦዳ እ.ኤ.አ. በ1958 በብራሰልስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ከባልደረቦቹ ጋር «ላተርና ማጊካ»ን ሲያቀርብ፣ የተነደፈው የፊልም ምስልና ሕያው ተዋናይ እየተመላለሱ እንዲጫወቱ አድርጎ ነው። ብሬኽት ደግሞ መብራቶቹ በግልጽ ለተመልካች እንዲታዩ ይፈልግ ነበር፤ ተመልካቹ እንዲደነግዝ ሳይሆን ነቅቶ እንዲያስብ። ስለዚህ መብራት መታየቱ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ለምን ዓላማ ታየ የሚለው ነው ነገሩ።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው «ማክቤት» ውስጥ፣ የንጉሡ ሚስት በእንቅልፍ ልቧ ስትዞር በእጇ የምትይዘው አንዲት መብራት ብቻ ናት። ሼክስፒር ይህን የጻፈው ተውኔት በጠራራ ፀሐይ በሚታይበት ዘመን ነው፤ ሌሊቱን ያመጡት ቃሉና ያቺው ነበልባል ናቸው። አንዲት ብርሃን ስፍራዋን ካወቀች ስምንት አያስፈልግም።

ስለ ጭፈራም አንድ ቃል እንበል። የሸዋ ኦሮሞ ጭፈራ ጌታው አንገት ነው። ጨፋሪዋ አንገቷን ስታዞር ፀጉሯ ከዘፈኑ ምት ጋር ይበተናል፤ ይሰበሰባል። ይህን ጭፈራ በሚሽከረከር መብራት ሥር ያየ ሰው የማን አንገት እንደሚዞር ሊለይ አይችልም። ሁለት የሚዞሩ ነገሮች እርስ በርስ ይገዳደላሉ። መብራቱ ጸንቶ ሲቆም ግን የጨፋሪዋ አንገት ነፍስ ይዘራል። መግቢያው ላይ የጠየቅነው ጥያቄ መልሱ እዚህ ነው።

ግለ ሂስ

ሌላውን ሲነቅፉ ራስን መደበቅ ተገቢ አይደለምና፣ እኔም ከዚህ ስሕተት ነፃ እንዳልሆንሁ መናገር አለብኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጻፍሁት አንድ ተውኔት የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ብርሃን እንደ ጦር ከየአቅጣጫው እንዲወርድ ብዬ በቅንፍ ውስጥ አዝዤ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ገጸ ባሕርይዋ በዚያ ሰዓት ምን እንደምትል ስላላወቅሁ ነው። ቃል ያጣሁበትን ቦታ በብርሃን ሸፈንሁት። ትርኢቱ ካለቀ በኋላ ዋናዋ ተዋናይ መጣችና «ጋሼ፣ ጭሱን ሁሉም አይቶታል፤ ፊቴን ግን ያየው ሰው አላገኘሁም» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እንግዲህ ደራሲያንም ድርሻችንን እንወቅ፤ ብዙ ጊዜ መብራቱ የሚጮኸው ጽሑፉ ዝም ሲል ነው።

ዱከም ላይም ትያትሩ ሲያልቅ ወደ መብራት ተቆጣጣሪው ወጣት ሄጄ ነበር። «ጋሼ፣ ሕዝቡ እኮ የሚወደው ይህንን ነው» አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሥራውንም ይወዳል። ከስምንቱ ሁለቱ ስለት ያላቸው መሆናቸውን ያውቃል፤ በሠርግ ላይ የሚጠይቀው ስለሌለ ግን ከዚያ በፊት እምብዛም አልከፈታቸውም። እስኪ አሳየኝ አልሁት። እናቲቱን የተጫወተችው ልጅ ጫማዋን ለመቀየር በዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ወጣቱ አንዱን መብራት ወደ እሷ አዞረ፤ ሌሎቹን አጠፋ፤ ጭሱም በርዶ ነበር። ስለቶቹን ከአራቱም ጎን አስገብቶ በርጩማውንና እሷን ብቻ አስቀረ፤ ጠርዙን አለሰለሰ፤ ቀለሙን አሞቀ። ወንበር ያነሡ የነበሩት ልጆች ቆመው ተመለከቱ። ምሽቱን ሁሉ ያላየነውን ፊቷን አየነው። ወጣቱ ራሱ «ይሄማ ቆንጆ ነው» አለ። ይህን ለማግኘት የወሰደበት ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ ልዩነቱን እንወቅ። ሠርግ ሠርግ ነው፤ የሙዚቃ ትርኢትም የራሱ ሕግ አለው። በዚያ ጨረር ቢጨፍር የሚነቅፍ የለም፤ መሣሪያውም የተወለደው በሙዚቃ መድረክ ነው። ትያትር ግን ሰው ሰውን የሚመለከትበት ቦታ ነው።

ሁለተኛ፣ ልምምድ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በዕለቱ የመጣ መብራት በዕለቱ ያዋርዳል። ስምንት መብራት ለአንድ ምሽት ከመከራየት፣ ስለት ያላቸውን ሁለት ፕሮፋይሎች ለሦስት ምሽት ተከራይቶ ከተዋናዮች ጋር መለማመድ ይሻላል። የቀረውን በቦታቸው የሚቆሙ ተራ መብራቶች ይሸፍኑታል። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ ቢያንስ ግን ተውሰን ስንለብሰው በልካችን እናስጠብበው።

ሦስተኛ፣ የኃይል መቋረጥ እንደሚኖር አውቆ መዘጋጀት። መቆጣጠሪያ ሰሌዳውንና ቢቻል ሁለቱን ዋና መብራቶች ባትሪ ካለው የኃይል ማቆያ ጋር ማያያዝ፣ ካልተቻለም መብራቶቹ ፍተሻቸውን እስኪጨርሱ የሚጠብቅና ትዕይንቱን የሚይዝ አንድ ተራ አምፑል ማዘጋጀት ከባድ አይደለም። በትንሽ አዳራሽ ደግሞ የመብራቶቹ ማቀዝቀዣ ድምፅ ሹክሹክታን እንደሚውጥ አይዘንጋ፤ ከተዋናዩ ራስ በላይ በቅርብ አይሰቀሉ።

አራተኛ፣ ትምህርት። እ.ኤ.አ. በ1978 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትያትር ትምህርት ክፍል ከተከፈተ ወዲህ ተዋንያንና አዘጋጆች ወጥተዋል፤ በየከተማው ግን የመብራት ባለሙያ የሚባለው ገመድ የሚዘረጋው ሰው ነው። የባህል ጽሕፈት ቤቶች ለውዝዋዜና ለድርሰት ሥልጠና እንደሚሰጡ ሁሉ፣ በቴክኒክ ኮሌጆች ያሉ የኤሌክትሪክ ተማሪዎችን ከአማተር ቡድኖች ጋር ማገናኘት ይችላሉ። የዱከም ልጆች በፋብሪካ ከዚህ የረቀቀ ማሽን ያዝዛሉ፤ መብራት አይከብዳቸውም። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይም የመብራት ባለሙያው ስም ከአዘጋጁ ስም ሥር ይጻፍ። ስሙ የተጻፈ ሰው ጽሑፉን ያነባል።

ለመምህራንና ለአዘጋጆች አንድ ቀላል መፈተኛ አቀርባለሁ። ከመክፈቻው በፊት በነበረው ምሽት፣ ትያትሩን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ተራ አምፑል ብቻ አጫውቱት። የቆመው ትዕይንት በራሱ የቆመ ነው፤ ለእሱ የሚያስፈልገው ብርሃን ምን እንደሆነ ራሱ ይነግራችኋል። የወደቀው ትዕይንት ግን ወደ ደራሲው ይመለስ፤ መብራት ተሸክሞ አይዘልቀውም።

የዱከሙ ቡድን ትያትሩን እንደገና ለማቅረብ በዝግጅት ላይ መሆኑን ሰምቻለሁ። ወጣቱ የመብራት ተቆጣጣሪም ጽሑፉን ተቀብሎ ወስዷል፤ የሚያመጣው ሁለት መብራት ብቻ መሆኑንም ነግሮኛል። የመጋረጃው መዝጊያ ላይ፣ እናቲቱ የልጇን ጫማ ይዛ በምትቆይበት ጊዜ፣ ከእጇና ከፊቷ በቀር ሌላውን ሁሉ ሊቆርጠው አስቧል። ኃይል ካልተቋረጠ እናየዋለን፤ ከተቋረጠም ድምፅዋ እስከ ኋላ ወንበር እንደሚደርስ አስቀድመን አውቀናል።